ለይቶ ማወቂያ ምርመራ፦ በአሮጌ መኪና ላይ ስለሚበራው ቀይ የፍሬን መብራት

በሕክምና ትምህርት፣ አንድን ምልክት ብዙ ሕመሞች ሊያመጡት በሚችሉበት ጊዜ ሐኪሙ ሊሆኑ የሚችሉትን መንስኤዎች ሁሉ በአእምሮው ከደረደረ በኋላ በጥያቄ፣ በመዳሰስና በላቦራቶሪ እየፈተነ የማይስማሙትን አንድ በአንድ የሚያስወግድበት አሠራር “ዲፈረንሺያል ዳያግኖሲስ” ይባላል። አሠራሩ ለመኪና ጥገናም እኩል ያገለግላል፤ ቃሉን እንዳለ ወደ ጋራዥ መውሰድ ግን አያስኬድም። በኢትዮጵያ መካኒኮች ዘንድ “ዲፈረንሻል” ማለት ከሞተር የመጣውን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ክፍል ስለሆነ፣ ቃሉን የሰማ ሁሉ የዚያ ክፍል ምርመራ እንደተጠየቀ ይረዳል። በዚህ ምክንያት “ለይቶ ማወቂያ ምርመራ” የሚለው አማርኛ ይመረጣል፤ በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን “ለይቶ ማቆያ” የሚለው ስያሜ በሕዝብ አፍ ስለገባ አወቃቀሩ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም፤ ሁለቱንም የሥራውን ደረጃዎች፣ ማለትም መለየትንና ማወቅን፣ በቅደም ተከተላቸው ይይዛል።

ይህን ምርመራ አጥብቀው ከሚሹት ምልክቶች አንዱ ዕድሜው በገፋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ቀይ የፍሬን መብራት ነው። ምልክቱ በክብ ውስጥ የተቀመጠ ቃለ አጋኖ ሲሆን ክቡን ከግራና ከቀኝ ሁለት ቅስቶች ያቅፉታል፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ “ፒ” የተባለው የላቲን ፊደል አብሮ ይታያል። አምራቾች የእጅ ፍሬኑን፣ የፍሬን ዘይቱን መጠንና በብዙ መኪኖች ላይ ሌሎች ጉድለቶችንም የሚያመለክቱትን ሽቦዎች ወደ አንድ አምፖል ስለሚያገናኙ፣ መብራቱ “ጉድለት አለ” ከማለት አልፎ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በሳዑዲ ዓረቢያ በጅዳና በመካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሾፌር ወደ ወርሻ፣ ማለትም ወደ ጋራዥ፣ ሲሄድ በዓረብኛ ፍሬኑ ፈራሚል፣ የፍሬን ሸራው ፈሕማት፣ የእጅ ፍሬኑ ጀለንጥ፣ ዳሽቦርዱም ጠብሎን እንደሚባሉ ያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አምፖሉን ያበራው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይለይ “ፈራሚል ተበላሽቷል” ብሎ መኪናውን ካስረከበ፣ ደኅና የነበረ ዕቃ ተለውጦ የታመመው ሊቀር ይችላል።

ምርመራው ሞተሩ ሳይነሣ ይጀምራል። ቁልፉ ከመነሻው በፊት ባለው ቦታ ላይ ሲቆም መብራቱ ሊበራ፣ ሞተሩ ከተነሣና የእጅ ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ ሊጠፋ ይገባል፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲዞር ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ተነቅሏል ማለት ነው። በሀራጅ፣ ማለትም በአሮጌ መኪኖች ገበያ፣ ለሚገዛ ሰው ይህች የጥቂት ሰኮንድ ፍተሻ ከብዙ የሻጭ ማብራሪያ ትበልጣለች። ቀጥሎ የሚለየው የእጅ ፍሬኑ ነው። ከመስጂድ አል-ሐራም ሰሜን ምዕራብ ባለው በጀርወል፣ እንደ ብዙዎቹ የመካ ሠፈሮች መሬቱ ኮረብታማ ስለሆነ፣ ተዳፋት ላይ የሚያድር መኪና የእጅ ፍሬኑ ዘወትር ተጎትቶ ስለሚቆይ ገመዱ ይላላል፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ሳይወርድ ሲቀር ወይም ከሥሩ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ስትጣበቅ መብራቱ ሳይጠፋ ይቀራል። እጀታውን በእጅ ወደ ታች ሲጫኑት መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም የማብሪያዋ ሽቦ ሲነቀል ብርሃኑ ከሄደ፣ አንዱ መንስኤ ተለይቷል።

የእጅ ፍሬኑ ነጻ ከወጣ በኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ይታያል። ማጠራቀሚያው ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች ያሉት የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች በውስጡ ማግኔት የተሸከመ ተንሳፋፊ አለ፤ ፈሳሹ ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርድና ከታች ያለውን ማብሪያ ያገናኛል። ስለዚህ ዳገት ሲወጣ፣ ኩርባ ሲዞር ወይም ፍሬን ሲያዝ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ መብራት በአብዛኛው ፈሳሹ ወደ ዝቅተኛው መስመር እንደደረሰና በመናወጡ ተንሳፋፊውን እንደሚያወዛውዘው ያመለክታል። ብዙ ሾፌሮች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ጠርሙስ ገዝተው ይሞላሉ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ነገሩም እንደተፈታ ይቆጠራል። የፍሬን ዘይት ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ከማጠራቀሚያው የጎደለው የግድ አንድ ቦታ ሄዷል።

ያ ቦታ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ራሱ ፍሬኑ ውስጥ ነው፤ የዲስክ ፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ከቦታው እየወጣ ስለሚቆም፣ ከኋላው የተከፈተውን ክፍተት ፈሳሹ ይሞላዋል። አዲስ ሳለ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሸራ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በማጠራቀሚያው ላይ የሚታየው ጉድለት ይህን ይነግራል፤ መብራቱም በተዘዋዋሪ የሸራውን ማለቅ እየመሰከረ ነው። ሸራውን ሳያዩ ፈሳሽ የሚሞሉ ሰዎች ይህን ምስክርነት ያጠፋሉ፤ በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባና ፒስተኑ ወደ ቦታው ሲመለስ ደግሞ ትርፉ ፈሳሽ ገንፍሎ የመኪናውን ቀለም ይበላል። ሁለተኛው ቦታ ውጭ ነው። ሸራው ወፍራም ሆኖ ሳለ ፈሳሹ ከጎደለ ፍሳሽ አለ፤ በጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን፣ በጎማ ቱቦዎቹ፣ በብረት መስመሮቹና ታምቡር ባላቸው የኋላ ፍሬኖች ጎሚኒዎች ላይ እርጥበት ይፈለጋል። በእጅ ማርሽ በሚሠሩ ብዙ መኪኖች የፍሪሲዮኑ መስመርም ከዚያው ማጠራቀሚያ ስለሚጠጣ ችግሩ ጭራሽ ከፍሬኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከዋናው የፍሬን ፓምፕ ወደ ኋላ፣ ፔዳሉን ወደሚያቀልለው ሰርቮ የሚገባው ፍሳሽ ነው፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ስለማይጥል የሚታወቀው ፓምፑ ከሰርቮው ሲላቀቅ ብቻ ነው።

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ መኪኖች ፍሬናቸው ለሁለት በተከፈለ መስመር እንዲሠራ ተደርጓል፤ በአሜሪካ ይህ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። አንዱ መስመር ቢቀደድ ሌላው መኪናውን ያቆማል፤ በበርካታ የቆዩ ሞዴሎች በሁለቱ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት የሚያይ ማብሪያ መብራቱን ያበራል። ፔዳሉ ሲረገጥ መብራቱ መብራቱና ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ መውረዱ የአንዱ መስመር መቀደድ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናው እዚያው መቆም እንጂ “እስከ ቤት” መነዳት የለበትም።

ቢጫው የኤ.ቢ.ኤስ. መብራት ብቻውን ሲበራ ዋናው ፍሬን በአብዛኛው እንደ ድሮው ይሠራል፤ ቀዩና ቢጫው አብረው ሲበሩ ግን የፍሬን ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሳይታወክ አልቀረም። ለዚህ የኮምፒዩተር ምርመራ ይረዳል፤ ይሁንና ርካሾቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ የሞተሩን እንጂ የኤ.ቢ.ኤስ.ን ኮድ ስለማያነቡ “ምንም ስህተት የለም” የሚለው ውጤታቸው መኪናውን ነጻ አያወጣም። በአንዳንድ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ደግሞ የባትሪውና የፍሬኑ መብራት አብረው ከበሩ ጥፋቱ ባትሪ በሚሞላው ጄኔሬተር ላይ ነው። ሐኪሞች በዕድሜ የገፋ ታማሚ ሲያዩ ከአንድ በላይ ሕመም እንደሚጠረጥሩ ሁሉ፣ በ20 ዓመት መኪናም ሸራው አልቆ ጎሚኒውም የሚያፈስ ሊሆን ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መንስኤ በተገኘ ጊዜ ምርመራውን ማቋረጥ አይገባም።

መብራቱ ጨርሶ የማያየው ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም የፈሳሹ ጥራት ነው። የፍሬን ዘይት በአማርኛም በዓረብኛም “ዘይት” ቢባልም የነዳጅ ዘይት አይደለም፤ የሞተር ዘይት ቢጨመርበት ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። የተለመዱት ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዓይነቶች ከአየር እርጥበትን ይስባሉ፤ ውሃ በገባባቸውም መጠን ቶሎ ይፈላሉ። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ 3.7 በመቶ ውሃ ከያዘ በኋላ የሚጠየቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። በቀይ ባሕር ዳር በጅዳ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ ዓመታት ያስቆጠረ ፈሳሽ የያዘ መኪና መጠኑ ሙሉ፣ መብራቱም የጠፋ ሆኖ ሳለ ለፈተና ዝግጁ ላይሆን ይችላል።

ፈተናው የሚመጣው ከጣኢፍ ወደ መካ በሚወርደው የአል-ሃዳ መንገድ ላይ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ መንገድ ከተራራው በተከታታይ ኩርባዎች ያወርዳል፤ ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ የሚወርድ ሾፌር ሸራውንና ዲስኩን ያግላል፣ ሙቀቱም ወደ ፈሳሹ ይሻገርና ውሃ ያዘለው ፈሳሽ ይፈላል። እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ማርሽ ቀንሰው ሞተሩ እንዲይዝ የሚያደርጉት ይህንኑ ለመከላከል ነው። መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል፤ ወርሻ ሲደርስ መካኒኩ የሚያየው ደኅና ፍሬንና የጠፋ መብራት ይሆናል። ስለዚህ ሾፌሩ ፔዳሉ የት ቦታ፣ ከስንት ጊዜ ቁልቁለት በኋላ እንደላላ መናገር አለበት፤ መካኒኩም ፈሳሹ መቼ እንደተለወጠ መጠየቅና የውሃ መጠኑን በመለኪያ ማየት ይኖርበታል። ብዙ አምራቾች ፈሳሹ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲለወጥ ይመክራሉ።