መሪው የዞረ ቪትዝ

አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራ መሄጃ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ለገበያና ለለቅሶ የምትሆን አነስተኛ የቤት መኪና ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠራው ስም የቶዮታዋ ቪትዝ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅም መልሱ ዝግጁ ነው፦ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ አይጠፋም፣ ስትሸጥ አታከስርም። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሆኖም መለዋወጫዋ በየሱቁ የሚገኘው መኪናዋ ስለበዛች ነው፤ ስትሸጥ የማታከስረውም ፈላጊዋ ስለበዛ ነው። ብዛቷን በብዛቷ ማስረዳት አይቻልም። ገና መካኒኩ ሳይለምዳት፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ዕቃዋን ሳይደረድር፣ ይህችን መኪና ከሌላው ለይቶ ወደዚህ ከተማ ያመጣት ምንድን ነው? የእኔ መልስ ከገዢው ምርጫ ይልቅ ሁለት መንግሥታት፣ አንዱ ሌላውን ሳያስብ፣ ለየራሳቸው ጉዳይ ባወጧቸው ሕጎች ላይ ያርፋል። አንዱ የጃፓን የመኪና ምርመራ ሕግ ነው፤ ሌላው የኢትዮጵያ የኤክሳይስ ታክስ።

ትንሽ መኪና ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረችም። በንጉሡ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ስትሠራ የኖረችው ፊያት 600 ነበረች፤ ሕዝቡም በጣሊያንኛ ቁጥሯ ሴይቼንቶ ይላት ነበር። በደርግ ዘመን የገነነችው ላዳ ከሶቪየት ኅብረት ብትመጣም አጥንቷ ያው የጣሊያን ነው፤ ቶልያቲ ላይ የተተከለው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው የፊያት 124ን ንድፍ በፈቃድ ወስዶ ነውና። የአገሪቱ ወዳጅ ሲለወጥ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያጎነብሰው መካኒክ ያገኘው ያንኑ የሚያውቀውን የጣሊያን ንድፍ ነበር። የጋራዡ ቋንቋ ዛሬም ይህን ይመሰክራል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጃፓን መኪና ከተማውን ሲሞላው ለጋራዡ ያወረሰው ጃፓንኛ ቃል የለም። ልዩነቱ ከአመጣጣቸው ይመስለኛል። የፊያት መኪና ከጣሊያን ባለሙያና ከጣሊያን ጋራዥ ጋር አብራ ነው የገባችው። ቪትዝ ግን አስተማሪ ሳይከተላት፣ አገልግላ፣ በነጋዴ እጅ መጣች።

ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ፣ የቶዮታን ስታርሌት ተክታ ነው። ንድፉን ያወጣው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፣ በጃፓንም በአውሮፓም የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ ስለሚከፈት ወንበሩ ሲታጠፍ ከርዝመቷ የማይጠበቅ ዕቃ ትይዛለች። መልካም መኪና መሆኗ አያከራክርም። ግን መልካም መኪና ከባለቤቷ ቤት ካልወጣች አዲስ አበባ አትደርስም። ያስወጣት እ.ኤ.አ. በ1951 ከወጣው ሕግ የመነጨው፣ ጃፓኖች ሻኬን የሚሉት ምርመራ ነው። አዲስ የቤት መኪና በ3 ዓመቷ፣ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ትመረመራለች፤ የምርመራው ወጪ፣ የግዴታ መድኑና የክብደት ታክሱ አንድ ላይ ይከፈላሉ፤ 13 ዓመት ሲሞላት ደግሞ ታክሷ ይጨምራል። አሮጌ መኪናን በዚህ ሁሉ ወጪ ማቆየት ለጃፓናዊው አያዋጣውም። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት መሄድ የምትችል መኪና ወደ ጨረታ ትወጣለች፣ ከዚያም ወደ መርከብ።

መርከቡ ላይ ከሚጫኑት መካከል ለኢትዮጵያ የምትሆነውን የመረጠው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 ነው። አዋጁ የቤት መኪኖችን በሞተር መጠን ሦስት ቦታ ከፈላቸው፦ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ኤክሳይሱ ብቻውን አይቆምም ነበር። 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ከሥሩ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በኋላ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ከላዩ ይደረቡ ነበር፤ እያንዳንዱ የሚሰላውም ከሱ በፊት ያለው ተደምሮ ነበር። 100 ሺህ ብር የተገመተች መኪና በመጀመሪያው እርከን 222 ሺህ፣ በሁለተኛው 273 ሺህ፣ በሦስተኛው 342 ሺህ ብር ገደማ ትሆን ነበር። አሁን የቪትዝን ሞተር እንይ፤ ትንሹ 997 ሲሲ፣ መካከለኛው 1,298። ከወሰኑ የቀረው 2 ሲሲ ነው። ቶዮታ አዲስ አበባን አስቦ አላደረገውም፤ ውጤቱ ግን አስቦ ከማድረግ አይተናነስም። በዚያ ላይ ያገለገለ መኪና በዕድሜው እስከ 30 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ስለሚታሰብለት፣ ሕጉ ከትናንሾቹ መካከል አሮጊቷን ለይቶ ይጠቅም ነበር።

«ሰው የገዛት ጥሩ ስለሆነች እንጂ ታክስ ቆጥሮ አይደለም» የሚል ይኖራል። ለዚህ መኪናዋ ራሷ መልስ አላት። ጃፓን ውስጥ ቪትዝ በ1,497 ሲሲ ሞተርም ተሸጣለች። ያው አምራች፣ ያው አካል፣ ያው ጥንካሬ፤ እንዲያውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ላለች፣ ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ለሚያጣባት ዳገታም ከተማ የበለጠ የምትስማማው እሷ ነበረች። አዲስ አበባን የሞሏት ግን ትናንሾቹ ሞተሮች ናቸው። የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ናይሮቢም በቪትዝ የተሞላች ናት፣ እዚያ ደግሞ የእኛ 1,300 ሲሲ ወሰን የለም። እውነት ነው፤ የመኪናዋ መልካምነት የትም አገር ያስገባታል። ኬንያ ግን ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም፣ የምትነዳውም በግራ ነው። ስለዚህ የናይሮቢዋ ቪትዝ በዕድሜ ልጅ ናት፣ መሪዋም እንደተሠራችበት በቀኝ ነው። የትኛዋ ቪትዝ ትግባ የሚለውን የሚወስነው አሁንም ሕግ ነው።

የመሪው ነገር ሰፊ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ስለተሻገረች የጃፓን መኪና እንዳለች አትሆንላትም። ከጃፓን የተነሱት ብዙዎቹ ዱባይና ሻርጃ ላይ መሪያቸው ዞሮ ነው የሚመጡት፦ የመሪ ሳጥኑ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሬን መሥመሩና ዳሽቦርዱ ወደ ግራ ይሻገራሉ። ይህ ሥራ በቪትዝ ላይ እንዲህ የተሳካው በከፊል ፍጥነት መቁጠሪያዋ ከመሪው ጀርባ ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ስለተቀመጠ ነው፤ መሪው የትም ቢሄድ መቁጠሪያው ካለበት አይነቃነቅም። የማይዞረው ግን ይቀራል። የዝናብ መጥረጊያው ለቀኝ መሪ የተሠራ ስለሆነ በክረምት ከሾፌሩ ፊት አንድ ማዕዘን ሳይጠርግ ይተዋል። አጭሩ መብራት ለግራ ነጂ አገር የተቃኘ በመሆኑ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል። የፍሬን መሥመር ደግሞ የሠራው እጅ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበር ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም። ቪትዝን እወዳታለሁ የሚል ሁሉ ይህን መሸፈን የለበትም፤ በውስጧ የሚሄደው ቤተሰብ ነው።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሚዛኑን ገልብጦ፣ በዕድሜ ለገፋ መኪና ከዋጋው ብዙ እጥፍ የሚሆን ኤክሳይስ ሲጥል ያቀረበው ምክንያት የአየር ብክለትና የሰው ደኅንነት ነበር። በምክንያቱ እስማማለሁ። የማልስማማው ባለመኪናው በራሱ ፈቃድ አሮጌ ብረት ያከማቸ ተደርጎ ሲወቀስ ነው፤ 17 ዓመት ሙሉ ቅናሽ እየሰጠ አሮጊቷን እንዲመርጥ የነገረው ሕጉ ራሱ ነበርና። ገዢው የተነገረውን በትክክል ሰማ። አዲሱ አዋጅ ቀድመው የገቡትን አላስወጣም፣ አስወደዳቸው እንጂ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል ያለው ብቻ ቀረ። ከእንግዲህ ያለውን እየጠገኑ መያዝ የግድ ነው። በዱባይ እጅ የዞረ መሪ ሲያልቅ የግራ መሪ ሳጥን ለጃፓን ገበያ ከተሠራች ቪትዝ ላይ አይገኝም፤ ወይ ያሪስ ተብላ ከተሸጠች እህቷ፣ ወይ እንደሷው መሪዋ ዞሮ ሶማሌ ተራ ከተፈታች ቪትዝ መምጣት አለበት።