መሰንቆ፦ ከጎጃም ድግስ እስከ ኒው ዮርክ መድረክ

መሰንቆ ከነደጋኑ። እንጨት፣ ቆዳ፣ የፈረስ ጭራ።

በአዴት፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። የመሰንቆውን ሣጥን ቀረብ ብለው ይዩት፤ ፊቱም ጀርባውም በቆዳ ተለብጧል። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም የፈረስ ጭራ። የደጋኑም ክር ጭራ ነው፤ በሙጫ ወይም በዕጣን ካልታሸ ድምፅ አይወጣውም። ተጫዋቹ ክሩን በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከዘንጉ ጋር አያጣብቀውም። የአዴት ክረምት ሲገባ ቆዳው ይላላል፤ ያኔ እሳት ዳር ማሞቅ ነው።

ይህኛው መሰንቆ ባሕር አልተሻገረም፤ ወንድሞቹ ግን ተሻግረዋል። ግብፅ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በ1969 ከዚያ የተውጣጡ ሙዚቀኞች «ብሉ ናይል ግሩፕ» ተብለው አሜሪካን ዞሩ፤ ቢትልስ በ1964 በታዩበት በኒው ዮርኩ የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረቡ። ጉዞውን ያሰናዳው የቀድሞው የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ቻርልስ ሰተን ነበር። ለእሱ መሰንቆ ያስተማረው ከሙዚቀኞቹ አንዱ ጌታመሳይ አበበ ነው፤ እንግዲህ ተማሪው ለመምህሩ አገሩን አስጎበኘ ማለት ነው።

ለአዝማሪ ግን ባዕድ አዳራሽ ቀላል አይደለም። በድግስ ላይ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ያወድሳል ወይም ይሸነቁጣል፤ ተደራሲውም ግጥም ያቀብለዋል። አማርኛ በማይሰማበት ቤት ሰሙም ወርቁም ይቀራል፤ ሥራው ሁሉ በደጋኑ ላይ ይወድቃል።

የኦርኬስትራው ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በ«ኤቲዮፒክስ» የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ቅጽ 23 ታትመዋል።