ምጥ በመድኃኒት ሲጀመር፣ ልደት ሲፈጥን

በጎጃም ደጋ ነፍሰ ጡር ሴት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ተብላ ትመረቃለች። ምጥ ያጠረላት እናት እንደ ዕድለኛ መቆጠሯም አያስገርምም፤ ሁለትና ሦስት ቀን አምጣ በመጨረሻ በቃሬዛ ወደ ከተማ የወረደች ሴት ታሪክ በየመንደሩ አለና። ይሁን እንጂ ምጡን ያስጀመረው መድኃኒት ሲሆንና ልደቱም ሲፈጥን፣ ፍጥነቱ የራሱ አደጋ እንዳለው ወላዷም ቤተሰቧም ሊያውቁት ይገባል።

ለዚህ ሥራ ዋነኛው መድኃኒት ኦክሲቶሲን ይባላል። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ፈጣን ልደት» እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ዕጢ የወጣ ፈሳሽ ማኅፀንን እንደሚያኮማትር እ.ኤ.አ. በ1906 አሳየ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ቅመሙን በቤተ ሙከራ ሠርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኘ። ማንኛዋም ሴት በምጥ ጊዜ ይህንኑ ቅመም ከገዛ ሰውነቷ ታመነጫለች። ልዩነቱ ሰውነት መጠኑን በራሱ ሲመጥን፣ በግሉኮስ ከረጢት ተጨምሮ በደም ሥር የሚገባውን ግን የሚመጥነው ባለሙያው መሆኑ ነው።

ሐኪሞች ምጥ ለማስጀመር የሚወስኑት እርግዝናው መቀጠሉ ከመውለዱ ይልቅ አስጊ ሲሆን ነው። የእርግዝና ደም ግፊት ከባድ ደረጃ ሲደርስ፣ የሽርት ውሃ ፈሶ ምጥ ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይም እርግዝናው 41 ሳምንት ሲሞላ ማለት ነው። የመጨረሻው ምክንያት በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በእኛ አገር ግን አስቸጋሪ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ፣ «ከጥምቀት ወዲህ አላየሁም» የምትል እናት ስትመጣ 41 ሳምንት መሙላቱን በምን ማወቅ ይቻላል? በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ካልታየች ቆጠራው ግምት ሆኖ ይቀራል፤ ግምቱ ከተሳሳተም የሚወለደው ያልደረሰ ሕፃን ነው። የቅድመ ወሊድ ክትትል በጊዜ መጀመር አለበት የሚባለው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የማኅፀን በር ይመረመራል። ኤድዋርድ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የነጥብ አሰጣጥ መሠረት በሩ ምን ያህል እንደለሰለሰ፣ እንደሳሳና እንደተከፈተ፣ የሕፃኑ ራስም ምን ያህል እንደወረደ ይታያል። በሩ ካልተዘጋጀ በቅድሚያ ሚሶፕሮስቶል በተባለ ክኒን ወይም በውሃ በሚነፋ ፊኛ እንዲለሰልስ ይደረጋል። ይህ ብቻውን አንድ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል «ዛሬ ገብታ ዛሬ ትወልዳለች» ብሎ የጠበቀ ቤተሰብ መጨነቅ የለበትም።

ኦክሲቶሲኑ ሲጀመር ጠብታው በትንሹ ተነሥቶ በየ30 ደቂቃው ይጨመራል። የሚፈለገው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የሚመጣ ቁርጠት ነው። በራሱ የሚመጣ ምጥ ቀስ በቀስ እያለማመደ ስለሚበረታ እናት ትንፋሿን የምትሰበስብበት ጊዜ አላት። በመድኃኒት የመጣው ግን ከጅምሩ ጠንካራና ተከታታይ ሆኖ እንደሚሰማቸው ብዙ እናቶች ይናገራሉ። ከዚህ ቀደም የወለደችና የማኅፀን በሯ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ቁርጠቱ ከአምስት ካለፈ ማኅፀኑ ለማረፍ፣ ሕፃኑም ኦክስጅን ለማግኘት ጊዜ ያጣሉ። ጠብታው ከተዘጋ የኦክሲቶሲን ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ እየደከመ ይሄዳል፤ የተዋጠ ሚሶፕሮስቶል ግን አይመለስም።

ሚሶፕሮስቶል በመጀመሪያ ለጨጓራ ቁስለት የተሠራ ሲሆን በብዛት የሚገኘው እንክብል 200 ማይክሮግራም ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለምጥ ማስጀመሪያ የሚመክረው ግን 25 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንዱን እንክብል ስምንተኛ ነው። በሌላ በኩል ከወሊድ በኋላ መድማትን ለመከላከል ሦስት ሙሉ እንክብል ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት ከወሊድ በፊትና በኋላ በመጠን እጅግ ይለያያል ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚያድነው መጠን ከወሊድ በፊት ቢወሰድ ማኅፀንን ሊተረትር ይችላል። ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት ሚሶፕሮስቶል ለምጥ ማስጀመሪያ አይመከርም።

የማኅፀን መተርተር ለደብረ ማርቆስ ሩቅ ወሬ አይደለም። በከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል መዛግብት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ እናቶችን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ሕፃናትም አልተረፉም። መንስኤው በየቦታው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ሳይወለድ ታግዶ የቆየ ምጥም ማኅፀንን ይተረትራል። ነገር ግን ቁጥሩ በደጋው ላይ የሚመጣ ችግር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህም ነው የዓለም የጤና ድርጅት ምጥ የሚጀመርላት ሴት ብቻዋን እንዳትተው፣ በተቻለ መጠንም ኦፕራሲዮን መሥራት በሚቻልበት ቦታ እንድትሆን የሚያሳስበው። «መርፌ ወግተው ቶሎ ይገላግሏት» የሚል ዘመድ ልቡ ቢሰበርም ኦፕራሲዮን ክፍል በሌለበት ቦታ ይህን መጠየቅ የለበትም።

ወደ ፍጥነቱ እንመለስ። ምጥ ከጀመረ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ወሊድ በሕክምናው «ድንገተኛ ፈጣን ወሊድ» ይባላል። መድኃኒት ሳይሰጥም በተለይ ደጋግመው የወለዱ እናቶች ያጋጥማቸዋል። ጉዳቱ የብልት መቀደድ፣ የማኅፀን ጡንቻ ደክሞ ሳይጨማደድ በመቅረቱ የሚመጣ ደም መፍሰስ፣ ሕፃኑም ዝግጅት በሌለበት መወለዱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ የሌሊት ብርድ ለአራስ ሕፃን ትንሽ ነገር አይደለም። ሕፃኑ ወዲያው ደርቆ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ይደረጋል፤ ገላውን ማጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆያል። እናትየዋ ደግሞ በመጀመሪያው ደቂቃ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የደጋው ብርድ ፍሪጅን አይተካም።

ከዚህ በፊት በፍጥነት የወለደች ሴት ታዲያ ምጥ ሲመጣ ጉዞ ልትጀምር አትችልም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከጮቄ ተራራ ሥር እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ በሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም የሌሊት ጉዞን አክብዶታል። መፍትሔው ቀድሞ ተነሥቶ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል አጠገብ ባለ የእናቶች ማቆያ መሰንበት ነው። በአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 5 በመቶ፣ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 48 በመቶ ነበሩ። ለውጡ ትልቅ ነው፤ በማቆያው ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት መፈቀዱም ለዚህ ሳያግዝ አልቀረም።

አንድ ነገር ይጨመር። ከሆስፒታል ስትወጣ በካርዷ ላይ ምጡ በመድኃኒት መጀመሩ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ፣ ምጡ ስንት ሰዓት እንደፈጀና ምን ያህል እንደደማች ይጻፍላት፤ ካልተጻፈም ትጠይቅ። በሚቀጥለው እርግዝና ምናልባት በሌላ ጤና ጣቢያ የምትቀበላት ሚድዋይፍ ማቆያ የምትገባበትን ቀን የምትወስነው ከዚያ ተነሥታ ነው።