ችላ የተባለው አየር፦ የጎታች ኃይል ታሪክ ከጋሊሊዮ እስከ ፕራንትል



በፊዚክስ ፈተናዎቻችን ላይ እንደ «የአየር ተቃውሞ ችላ ይባል» የሚደጋገም ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔም በማስተማር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ ወደፊትም እጽፈዋለሁ። ዛሬ የማሳያችሁ ግን ይህ ችላ ባይነት በአንድ ወቅት ምን ያህል እንዳሳሳተና ስሕተቱን ያጋለጠው ማን እንደ ነበረ ነው።

ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የተወረወረ አካል የሚጓዝበት መንገድ ፓራቦላ መሆኑን አስረዳ (የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አየር ይህን መንገድ እንደሚያዛባ፣ በተለይም በባሩድ ኃይል በሚተኮስ ጥይት ላይ፣ ራሱ ጋሊሊዮ አስጠንቅቋል። ከእርሱ በኋላ ስለ መድፍ የጻፉ ብዙዎች ግን ማስጠንቀቂያውን ትተው ፓራቦላውን ያዙ። እንዲህ የቀለለ አየር ያን የመሰለ ከባድ አሎሎ እንዴት ሊገታ ይችላል? ጥያቄው ለዘመኑ ሰው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ኒውተን በ1687 በወጣው «ፕሪንኪፒያ» ሁለተኛ ክፍል ለዚሁ ጉዳይ ሰፊ ቦታ ሰጠ። በዚያ ከሚገኙት ማስረጃዎች አንዱን ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያውቁት እወዳለሁ። ተቃውሞው ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የሚያድግ ከሆነና በአካሉ ላይ ሌላ ኃይል ከሌለ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ርቀት ሁልጊዜ እኩል ነው፤ ጊዜው ግን በየደረጃው እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ግማሽ በአንድ ሰከንድ ቢጠፋ ቀጣዩ ሁለት፣ ከዚያም አራት ሰከንድ ይፈልጋል። ፈጣኑ አካል ፍጥነቱን የሚከስረው ገና ከመነሻው ነው፤ እየዘገመ ሲሄድ ጎታቹ ኃይል ራሱ ይዳከማል።

ሂሳቡ ይህን ያህል ከተራቀቀ በኋላ የጎደለው ልኬት ነበር። ለካኙ ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። ከኩዌከር ቤተሰብ፣ ማለትም ጦርነትን ከሚያወግዝ የሃይማኖት ማኅበር የተወለደ ሰው የጥይትን ጠባይ በመመርመር ስሙ መነሣቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መሣሪያው በፔንዱለም መልክ የተንጠለጠለ የእንጨት ግንድ ነበር። ጥይቱ ግንዱን ሲመታው ግንዱ ይወዛወዛል፤ ከውዝዋዜው ስፋት የጥይቱ ፍጥነት ይሰላል። ሮቢንስ ግንዱን ከጠመንጃው እያራቀ በመተኮስ ጥይቱ በመንገድ ላይ የከሰረውን ፍጥነት አወቀ።

በ1742 ያወጣው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር። አንድ የጠመንጃ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 1,700 ጫማ ገደማ፣ ማለትም 520 ሜትር ያህል ይጓዛል። በፓራቦላው ሂሳብ መሠረት በ45 ዲግሪ የተተኮሰ እንዲህ ያለ ጥይት 17 ማይል ርቆ መውደቅ ነበረበት፤ በተግባር ግን ግማሽ ማይል እንኳ አይሞላም። በመነሻው ላይ የሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ከራሱ ከጥይቱ ክብደት ከመቶ እጥፍ በላይ ነበር። ችላ የተባለው ነገር ከስበት ይልቅ ዋናው ኃይል ሆኖ ተገኘ! ከዚህም በላይ ሮቢንስ የጥይቱ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ ተቃውሞው ኒውተን ካሰበው በላይ እንደሚያሻቅብ አስተዋለ። ኦይለር መጽሐፉን በ1745 ወደ ጀርመንኛ ሲመልሰው ከዋናው ብዙ እጥፍ የሚረዝም ሐተታ ጨመረበት።

በእኔ አመለካከት የሮቢንስ ድርሻ ዛሬም በቂ ክብር አላገኘም፤ የመማሪያ መጻሕፍት ከኒውተን በቀጥታ ወደ ቀመሩ ይዘላሉ። ቀመሩ በራሱ የማይበቃ መሆኑን ደግሞ ዳላምቤር በ1752 አሳየ። ዝልግልግነት በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ወጥ በሆነ ፍጥነት የሚጓዝን አካል የሚገታው ኃይል በሂሳብ ሲሰላ ዜሮ ሆነ። በአንድ በኩል ከክብደት መቶ እጥፍ፣ በሌላ በኩል ዜሮ! ዳላምቤር ተቃርኖውን ሳይሸፋፍን ለመጪዎቹ የሂሳብ ሊቃውንት ተወው።

መልሱ ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 በሃይድልበርግ የሂሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ባሰማው አጭር ንግግር መጣ። ፈሳሹ የአካሉን ገጽ በሚነካበት ቦታ ይጣበቃል፤ በዚያ በሚፈጠረው እጅግ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ዝልግልግነቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ችላ ሊባል አይችልም። ንብርብሩ ከገጹ ሲላቀቅ ከአካሉ በስተኋላ ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ ጉተታውም በዚያ ይበረታል። ፕራንትል ይህን ያሳየው በእጅ በሚሽከረከር መዘውር ውሃ በሚዘዋወርበት ገንዳ ነው፤ በውሃው ላይ የሚያብረቀርቁ የማዕድን ቅንጣቶች በትኖ የፍሰቱን መስመር በፎቶግራፍ አነሣ።