ጎረቤት የሌለው ቁልፍ

ባለፈው ሰሞን ጣሊያን አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ «ጋሼ፣ ቬኒስ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ልገዛ ነው» ብሎኝ አረፈው። ሳቄ አመለጠኝ። ለእኔ ቬኒስ ማለት በክፍል ውስጥ ሳስተምራቸው የኖርኩት የሼክስፒር ነጋዴዎችና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያናገረው ኦቴሎ የሚንጎራደዱባት ከተማ ናት። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ዕጣ ነው፣ ቁጠባ ነው፣ እስከ አራተኛ ፎቅ በትከሻ የሚወጣ የውኃ ጀሪካን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም።

ልጁ ግን የምሩን ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ 45 ካሬ ሜትር፣ አንዱ መስኮት ቦይ ላይ የሚከፈት። «ሥራዬ ሚላኖ ስለሆነ አልኖርበትም። ለቱሪስት በአዳር እያከራየሁ የባንኩን ዕዳ እከፍልበታለሁ። ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ባንክ ወለድ ምን ይመክራል? አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ጎረቤቶችህ እነማን ናቸው?» ዝም አለ። «እሱን አልጠየቅኩም» አለኝ በመጨረሻ። «እንግዲያው ጠይቅና ደውልልኝ» ብዬው ተለያየን። ጥያቄው ግን ለራሴም ተረፈኝና መጻሕፍቴን አውርጄ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። (ከአንድ የአገራችን አዋጅ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቃሉ ልጀምር። «ኮንዶሚኒየም» ላቲን ነው። በአማርኛችን «መግዛት» ሁለት ፍች አለው፤ ሸመታም ነው፣ አገዛዝም ነው። ላቲኑ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፦ አብሮ ጌታ ስለ መሆን። የጣሊያን የ1942 የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ይላል። ክፍሉ የየግል ነው፤ መሠረቱ፣ ደረጃው፣ ጣራው፣ የውጭ ግድግዳው የጋራ ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ ከሺህ ስንት እንደሆነ ይሰላል፤ ባለቤቶቹም በጉባኤ ተቀምጠው ይወስናሉ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 370/1995ም «የጋራ ሕንፃ» ሲል ከዚህ የራቀ ነገር ማለቱ አይደለም። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ለመሸመት አንድ ሰው ይበቃል፤ ለመግዛት ግን፣ በሁለተኛው ፍች ማለቴ ነው፣ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ይህን ሕግ ከመጻፉ በፊት ኖራው የምታውቅ ከተማ ብትኖር ቬኒስ ናት። ከመቶ በላይ በሆኑ ትንንሽ ደሴቶች ላይ፣ ጭቃ ውስጥ በተቸከሉ የእንጨት ምሰሶዎች የቆመች የወደብ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ውኃ ከቧታል፤ የሚጠጣ ምንጭ ግን አልነበራትም። ምን አደረጉ? የየሰፈሩን አደባባይ ከሥሩ ቆፍረው በሸክላ አፈር ለበጡት፤ አሸዋ ሞሉበት፤ መካከሉ ላይ ጉድጓድ አቆሙ። ዝናቡ በድንጋዩ ንጣፍ ቀዳዳ ይገባል፣ በአሸዋው ይጣራል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። የጉድጓዱ ክዳን ቁልፍ በሰፈሩ ሹም እጅ ነበር። ጠዋትና ማታ ደወል ሲደወል ይከፈታል፤ ሰፈርተኛው በሙሉ ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ከቧንቧ ጋር የተዋወቁት በ1884 ነው። እስከዚያ ድረስ ከጎረቤቱ የተጣላ ቬኒሳዊ በቀን ሁለቴ ፊቱን ሳያየው አይውልም ነበር ማለት ነው።

ቤቶቻቸውም እንደዚሁ ነበሩ። በጥንቱ የነጋዴ ቤት ከታች ዕቃው ይከማቻል፣ ከላይ ቤተሰቡ ይኖራል። ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ሳይከፋፈሉ በጋራ የሚይዙበት ልማድ ነበራቸው። ለኪራይ በተሠሩት ቤቶች ደግሞ አናጺዎቹ እርስ በርስ የሚጠላለፉ ደረጃዎች እያበጁ፣ በአንድ ጣራ ሥር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ለየራሳቸው በር ያወጡላቸው ነበር። «ስኩዎላ» የሚሏቸው ማኅበራትም ነበሯቸው። ስሙ «ትምህርት ቤት» ማለት ቢሆንም ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው «እድር» ነው። አባሉን ይቀብራሉ፣ ለድኻ ልጅ ጥሎሽ ያዋጣሉ፣ መጠጊያ ላጣ መኖሪያ ይሰጣሉ። ናፖሊዮን በ1797 ሪፐብሊኩን አፈረሰ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም ከእነዚህ ማኅበራት አብዛኞቹ ተዘጉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የአይሁዶቹ ሰፈር ታሪክ ነው። በ1516 የቬኒስ መንግሥት አይሁዶችን በአንዲት ደሴት ላይ እንዲሰፍሩ አዘዘ፤ «ጌቶ» የሚለው ቃል ለዓለም የተዳረሰው ከዚያች ሰፈር ነው። በሩ ማታ ማታ ይዘጋል፤ የዘበኞቹን ደመወዝ የሚከፍሉትም የተዘጋባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ቤት መግዛት ተከልክለዋል። የክርስቲያን ባለቤቶች ኪራዩን በሲሶ እንዲጨምሩ ተፈቀደላቸው። ሰው ሲበዛ ቦታው ስለማይሰፋ፣ ጣራው ዝቅ ዝቅ ያለ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደራረበ፤ ሰባት የደረሰ አለ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች አንድ መብት አበጁ፤ «ጋዛካ» ይሉታል። ድምፁ የእኛን «ገዛ» ቢመስልም ዝምድና የላቸውም፤ «ሐዛቃ» ከሚለው ዕብራይስጥ የመጣ ነው። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ በቤቱ የመኖር መብት ግን የነዋሪው ነው። ነዋሪው ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ መብቱን ለልጁ ያወርሰዋል፣ ለሴት ልጁ ጥሎሽ ያደርገዋል፣ ይሸጠዋል። ባለቤት መሆን የተከለከለ ሕዝብ ነዋሪነትን ራሱን ንብረት አደረገው ማለት ነው።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ባለቤቱ ሞልቷል፤ የጠፋው ነዋሪው ነው። በ1951 በአሮጌው ከተማ ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ፋብሪካው፣ መኪናውና ሰፋ ያለው ቤት ወደ ማዶው የብስ ጠራው። በኅዳር 1966 ባሕሩ 194 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ምድር ቤቶቹን ሲያጥለቀልቅ ብዙዎች ቆረጠላቸው። ቀሪውን ዋጋው ገፋው። ከ2008 ጀምሮ በአንድ ፋርማሲ መስኮት የነዋሪው ቁጥር እንደ ሰዓት እየተቆጠረ ይታያል። በ2009 ቁጥሩ ከ60 ሺህ ሲወርድ ሰዎች ባዶ የሬሳ ሣጥን በጀልባ ጭነው ለከተማቸው የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉላት። በ2022 ከ50 ሺህ ወረደ። በ2023 ደግሞ ለቱሪስት የተዘጋጀው አልጋ ከነዋሪው በለጠ። ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለሚመጣ የቀን ጎብኚ መግቢያ ይከፈልባታል፤ እንደ ሙዚየም።

እኔም ከወንጀሉ ነጻ አይደለሁም። ቬኒስን ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በጠዋት ባቡር ገብቼ በማታ ባቡር ወጣሁ። ከነዋሪዎቿ ያወቅሁት ቢኖር በገመድ ላይ የተሰጣ ልብሳቸውን ነው፤ እሱንም ፎቶ አነሣሁት። ከእኔ በፊት የሄዱት ኢትዮጵያ የላከቻቸው መልእክተኞች ይሻሉ ነበር። በ1402 ከዐፄ ዳዊት ተልከው ነብር ሳይቀር ይዘው የገቡት ለጉዳይ ነው፤ ሰው ዘንድ ነው የሄዱት። ከዚያች ከተማ ወደ እኛ የመጣ ደግሞ አለ፦ ሠዓሊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ገብቶ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲሥል ኖረ፤ መርቆሬዎስ ተባለ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ሲያገኘው ዐርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የቤት ካርታ ይኑረው አይኑረው ማን ይጠይቃል? ስም ያወጣለት ጎረቤት ነበረው።

ይህን ስል ቤቱን የሚሸጠውን መውቀሴ አይደለም። ጨዋማ ውኃ የበላውን ግድግዳ ማደስ በጡረታ ደመወዝ አይሞከርም፤ ገዢ ባይመጣ ጣራው በማንም ላይ ይወድቃል። ተማሪዬም ክፉ አላሰበም። በባዕድ አገር ለፍቶ ባጠራቀማት ገንዘብ የሚያርፍበት ነገር መፈለጉ ነው። እዚህም ቢሆን ኮንዶሚኒየም የደረሰን ስንቶቻችን ነን አከራይተን የሄድነው? የደረጃው መብራት ሲቃጠል ለስብሰባ የሚመጣው ተከራዩ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ደወለ። ቬኒስ ሄዶ ቤቱን አይቶታል። «ጋሼ፣ የሕንፃው በር ላይ ስድስት ደወል አለ» አለኝ። «ስም የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው። አምስቱ ላይ ቁጥር ነው ያለው፤ አጠገባቸው ቁልፍ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ሣጥኖች ተሰቅለዋል። ስም ያለውን ደወልኩት። አንዲት አሮጊት ወጡ።»

«ምን አሉህ?»

«ቱሪስት መስያቸው ‹ቁልፉ ሣጥኑ ውስጥ ነው› አሉኝ። ልገዛ የመጣሁ መሆኔን ስነግራቸው ‹ልትኖርበት ነው?› ብለው ጠየቁኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

ዝም አለ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። ከዚያ «እስካሁን አልመለስኩላቸውም» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስም አልመለሰላቸውም። ዋጋውን ግን ተደራድሮ ጨርሷል።