ከጠመንጃ ወደ ካሜራ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወፍን ጠንቅቆ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይገድላት ነበር። ዝነኛው ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን እንኳ ወፎቹን ተኩሶ ከጣለ በኋላ በሽቦ ደግፎ ነው የሚስላቸው።

በ1892 እ.ኤ.አ. ግን ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፎቶዎቹ በመጽሐፍ ወጡ። ወፎቹ እንዳይሸሹም ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ ሠርተው፣ ቆዳ አልብሰው፣ እዚያ ተደብቀው ያነሱ ነበር።

ዛሬ ለጓሮ ወፍ በሬ አያስፈልግም፤ የመስኮት መጋረጃና ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው ያው የጥንቱ ትዕግሥት ነው።

ወፍ ሲያይ ወንጭፍ የሚያነሳ ልጅም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው ስለሌለ ነው። እስቲ ለአንድ ጠዋት ስልክዎን ያውሱት።