«ያኔ ሲያገኝ የት አደረገው?»

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ይፋ አደረገች። ከሳምንት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች መብረር አቆመ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዲስ አበባ ያን ሰሞን ወሬዋ ሁሉ ማስክና ሳኒታይዘር ነበር። ጂንካ ላይ ግን የመጀመሪያው ምልክት ሳል ሳይሆን ዝምታ ነው። ፈረንጅ ጠፋ።

ደቡብ ኦሞን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ቱሪስቱ በላንድክሩዘር ወይም በአውሮፕላን ጂንካ ይገባል፣ ያድራል፣ በማግስቱ የማጎ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ሙርሲዎች ዘንድ ይሄዳል። ሐሙስ ከሆነ ቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ከሆነ ዲመካ፣ ሰኞ ከሆነ ቱርሚ። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው ጋይዱ ነው። አለቃ የለውም፣ የወር ደሞዝም የለውም። በቀን ይከፈለዋል፣ ቲፕ ይቀበላል፣ እንግሊዝኛና ሦስት አራት የአካባቢ ቋንቋ ከቻለ ደግሞ ይፈለጋል። ወቅቱ ሲሞቅ ገቢው የመንግሥት ሠራተኛን ያስቀናል። ሲቀዘቅዝ ዜሮ ነው። በ2012 ዜሮው መጣና አልሄድ አለ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተጨመረበት። እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው «እርዳታ ይገባኛል» ቢል ምን የሚባል ይመስላችኋል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «ያኔ ሲያገኝ የት አደረገው?»

ጥያቄው ክፋት ብቻ የወለደው አይደለም። እዚህ አገር የተረጂ መልክ በጭንቅላታችን የተሳለው በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ነው። ተረጂ ማለት አጥንቱ የሚቆጠር፣ ነጠላው ያለቀ፣ ስንዴ ለመቀበል የተሰለፈ ሰው ነው። ትናንት ጂንስ ለብሶ ከጣሊያኖች ጋር ማኪያቶ ሲጠጣ ያየነው ልጅ እዚያ ሥዕል ውስጥ አይገባም። በ1997 የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔትም ቢሆን ይህንኑ እይታ ወደ አሠራር ነው የለወጠው፤ ማን ደሃ እንደሆነ የሚመርጠው ከጎረቤት የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀምር በ11 ከተሞች ነበር። ጂንካ ከነሱ አንዷ አልነበረችም። ብትሆንም ኖሮ፣ እስቲ አስቡት፣ የትኛው የሰፈር ኮሚቴ ነው ጋይድ መዝግቦ ሌላ ቀን ከጎረቤቶቹ ዓይን ለዓይን የሚተያየው?

ደቡብ ኦሞ ራሷ ይህን አይነት ሚዛን በሌላ መልክ አይታዋለች። በነሐሴ 1998 የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነች መንደሮችን ሲያጥለቀልቅ 364 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ ከብቱም አብሮ ሄደ። እርዳታ መጣ፣ መምጣቱም ሕይወት አተረፈ። ግን ራሽን የሚሰፈረው በአፍ ቁጥር ነው። መቶ ከብት የጠፋበትና ሦስት ፍየል የጠፋበት ያው አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ለነፍስ አድን ሥራ ይህ ትክክል ነው። የጠፋን ሀብት የሚያይ ዓይን ግን የለውም።

ወደ 2012 እንመለስ። መንግሥት ያኔ «ሀብታም አልረዳም» ብሎ ነበር? በፍጹም። ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ተለቀቀ። ለሆቴሎች 3.3 ቢሊዮን ብር በዝቅተኛ ወለድ እንዲያበድሩ ባንኮች ገንዘብ ቀረበላቸው። እስከ 2007 የተከማቸ የግብር ዕዳ ተሰረዘ። ሥራው ቆሞ ሠራተኛ ሳይበትን ደሞዝ ለከፈለ ድርጅት የአራት ወር የሥራ ግብር ምሕረት ተደረገ። ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት፦ ባንክ፣ ሕንፃ ያለው፣ ዕዳ ያለበት፣ ሠራተኛ ያለው። ጋይዱ ከአራቱ አንዱም አይደለም። መያዣ የሚሆን ቤት የለውም፣ ሠራተኛው ራሱ ነው። እና እኔ እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ሰፈር ውስጥ «ብዙ የሚያገኝ አይረዳ» የሚለው ሚዛን የሠራው ባዶ እጁን በቀረው ሰው ላይ ብቻ ነው። ከፍተኛ ገቢው በሲሚንቶ ለቆመለት ሰው በሩ ተከፈተ፤ ገቢው በአንደበቱና በእግሩ ለሆነው ተዘጋ።

ግን ለጋይዱ ጥብቅና ከመቆማችን በፊት ሐምሌ 2009ን እናስታውስ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የዓመት ሽያጫቸው እስከ 500 ሺህ ብር የሆኑትን ደረጃ «ሐ» ብሎ በቁርጥ እንዲከፍሉ አደረገ። ከዚያ ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ «የቀን ገቢህ ይህን ያህል ነው» አሉ። አገር ተንጫጫ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፣ አዲስ አበባም «እኔ ይህን አግኝቼ አላውቅም» በሚል አቤቱታ ተሞላች። ግምቱ በብዙ ቦታ የተጋነነ ነበር፣ ይህ አያከራክርም። ሆኖም በራሱ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያኔ የተማረው ነገር አንድ ነው፦ ገቢህን ደብቅ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቀውሱ መጥቶ «ምን ያህል ጠፋብህ?» የሚል መሥሪያ ቤት ቢኖር እንኳ ሊያሳየው የሚችለው ወረቀት አልነበረውም። ቲፕ ደረሰኝ የለውም።

ወረቀቱ ያለበት አገርም ቢሆን ከጠቡ አላመለጠም። እንግሊዝ በመጋቢት 2012 በራሳቸው ለሚሠሩ ሰዎች የወር ገቢያቸውን 80 በመቶ፣ እስከ 2,500 ፓውንድ፣ እከፍላለሁ አለች። ቅድመ ሁኔታው፦ የዓመት ትርፍህ ከ50 ሺህ ፓውንድ ከበለጠ ምንም አታገኝም። በ49 ሺህና በ51 ሺህ መካከል ገደል ተቆፈረ። የሚገርመው፣ ደሞዝተኛው ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ አልተጣለም፤ ጣሪያው የነበረው በሚከፈለው መጠን ላይ ብቻ ነው። ጥርጣሬው እዚያም ወደ ራስ ገዙ ሠራተኛ ነው ያዘነበለው።

አሁን ጂንካን ትቼ ወደ ታች፣ ወደ ቆላው ልውረድ፤ ምክንያቱም እዚያ ጉዳዩን ከዚህ ሁሉ በተሻለ ያሰቡበት ሰዎች አሉ። አርብቶ አደር፣ ካሰባችሁት፣ በራሱ የሚሠራ ሰው ነው። ሀብቱ ዛሬ አለ፣ በአንድ ድርቅ ወይም በአንድ በሽታ ነገ የለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በ«ክፉ ቀን» የከብት በሽታው ምስራቅ አፍሪካን ሲጠርግ ባለ ብዙ ከብቱ በወራት ውስጥ ባዶ በረት ቀርቶለታል። ሐመሮች «ቤል» የሚሉት የወዳጅነት ቃል ኪዳን አላቸው። ከብትህን ሁሉ በአንድ በረት አታስርም፣ ለወዳጅህ ትሰጣለህ፣ እሱም ይሰጥሃል። ስለ ዳሰነች ደግሞ ኡሪ አልማጎር በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ከነርዕሱ ስለ አርብቶ አደር ሽርክና ነው። ብዙ ያለው ሰው ብዙ ወዳጅ ያበጃል። የወደቀ ቀን ለመነሳት የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፣ በሌላ ሰው በረት ያስቀመጠውን ነው።

እዚህ ላይ ያ የሰፈር ጥያቄ፣ «ያኔ ሲያገኝ የት አደረገው?»፣ ትርጉሙ ይገለበጣል። ከተማ ውስጥ ማሸማቀቂያ ነው። ሐመር ውስጥ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው፦ እገሌ ዘንድ ሁለት ላም፣ እገሌ ዘንድ አንድ ጊደር።

የጋይዱ ብር የት ነበር? ከፊሉ በእቁብ ነበር፤ እቁብ ግን ሁሉም አባል በአንድ ቀን ሥራ ሲፈታ ይፈርሳል። ከፊሉ በቤተሰብ ላይ ነበር። ወደ ሙርሲ መንደር ስንቱ ደርሷል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ሙርሲዎችና ስለ ፎቶ አንሺዎች ሲጽፍ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚደረገው የክፍያ ድርድር በሁለት ወገን መናናቅ የተሞላ መሆኑን አሳይቷል። ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያደረገችው ሴት ለፎቶ የምታገኘው ጥቂት ብር ነው፤ የቀኑ ክፍያና ቲፑ በመኪናው ተመልሶ ጂንካ ይገባል። መንገዱ ሲዘጋ እሷም ገበያዋን አጣች። እሷ ግን ቢያንስ ከብትና ወዳጅ ነበራት፤ ጋይዱ የነበረው ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ የፈረንጅ ቁጥር ነው። አንዳንዱም በዚያ ቁጥር ደውሎ፣ እንግድነቱ ካለቀ ዓመት ካለፈው ሰው፣ ገንዘብ ተልኮለታል።